ቀላል ላይሰንስ ቀላል ገበያ አይደለም፦ ስለ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኮንትራክተሮች ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ፤ በቤት እድሳት ሥራ ለመሰማራት ላሰቡ ወገኖች የተጻፈ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቨርጂኒያ በክላስ ሲ ያለ ፈተና ስለምታስገባ ላይሰንሱን እዚያ አውጡና የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድም ሥሩበት፤ ሜሪላንድ «ከሲሶ በላይ ቀብድ አትቀበሉ» እያለች አነስተኛውን ኮንትራክተር ታንቃለች፤ የሁለቱም ስቴቶች የካሣ ፈንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ረዳቶቻችሁን በ1099፣ ማለትም በግሉ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የግብር ቅጽ፣ ከከፈላችሁ የሠራተኛ ኢንሹራንስ አያስፈልጋችሁም፤ ላይሰንሱ እስኪደርስ ደግሞ በጓደኛ ላይሰንስ መሥራት ይቻላል።

ጸሐፊው ወገንን ለመጥቀም እንዳሰቡ አንጠራጠርም። ልክ የሆኑበትም ቦታ አለ፤ እሱንም እናነሣለን። ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ግን ወይ ሥራውን ጨርሶ ገንዘቡን ያጣል፣ ወይ በወንጀል ይከሰሳል። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለቱን ገበያዎች በመግቢያ በራቸው ከማወዳደር ነው። መጠየቅ የነበረበት ላይሰንሱ ምን ምን እንደሚያሠራና የቤቱ ባለቤት አልከፍልም ሲል በምን መንገድ እንደሚያስከፍል ነው። በዚህ ከታየ ሁለቱ ስቴቶች ጸሐፊው ካስቀመጧቸው ቦታ ይለያያሉ።

«በክላስ ሲ ያለ ፈተና ይገባል»

ግማሹ እውነት ነው። የቨርጂኒያ የኮንትራክተሮች ቦርድ፣ ሁላችንም ዲፖር በምንለው የስቴቱ የሙያ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው፣ ሦስት ክላስ ይሰጣል፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ክላስ ኤ እና ቢ የሚፈልግ ድርጅት ለሥራው ተጠሪ አድርጎ የሚያቀርበውን ሰው ያስፈትናል፤ የተጣራ ሀብትም ያሳያል፣ ለኤ 45,000 ዶላር፣ ለቢ 15,000 ዶላር፣ ካልሆነም የ50,000 ዶላር ቦንድ (የዋስትና ሰነድ)። ክላስ ሲ ይህ ፈተናም፣ የሀብት ማሳያም የለበትም። የስምንት ሰዓቱ የቅድመ ላይሰንስ ትምህርት ግን ለሦስቱም ግዴታ ነው። ሙያውን ይዞ የሚቀርበው ሰው ልምድም ይጠየቃል፦ ለሲ ሁለት ዓመት፣ ለቢ ሦስት፣ ለኤ አምስት።

ጸሐፊው ያልነገሩን ክላሱ የላይሰንሱ ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው። ክላስ የሚለው የሥራውን የገንዘብ መጠን ነው። ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚቻል የሚለው ከክላሱ አጠገብ የሚጻፈው ዘርፍ ነው። «የቤት እድሳት» የሚለው ዘርፍ ኤሌክትሪክን፣ ቧንቧን፣ ጋዝንና ማሞቂያና ማቀዝቀዣን አያካትትም። በኤሌክትሪክ ዘርፍ ክላስ ሲ ልውሰድ የሚል ሰው ከድርጅቱ ውስጥ የማስተር ኤሌክትሪሻንነት ላይሰንስ ያለው ሰው ማቅረብ አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ስለዚህ «ያለ ፈተና» የሚለው ቃል ክላስን እንጂ ዘርፍን አያውቅም።

ቤዝመንት እንውሰድ። አንድ መኝታ ቤትና ሻወር ያለው መታጠቢያ ይውጣለት ቢባል ኮንክሪቱ ተቆርጦ የፍሳሽ መስመር ይገባል፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመሮች ይሳባሉ፣ የአየር ማስገቢያ ይቀጠላል። በቤት እድሳት ዘርፍ ብቻ የገባ ኮንትራክተር ከእነዚህ አንዱንም በራሱ እጅ መንካት አይችልም፤ ለሦስቱም የየዘርፉ ላይሰንስ ያላቸው ሰዎች ያስፈልጉታል። የእነሱን ዋጋ ሳይቀበል ያቀረበው ጨረታ ከመጀመሪያውም ኪሣራ ነው።

ሌላም አለ። ክላሱን የሚወስኑት ሁለት ልኮች ናቸው፦ የአንድ ውል ወይም የአንድ ፕሮጀክት ዋጋ፣ እና በ12 ወር ውስጥ የተሠራው ሁሉ ድምር። አንዱን ማለፍ ይበቃል። ጽሑፉ «ሥራው ከበዛ ውሉን ለሁለት ክፈሉት» ይላል። ሕጉ «ውል» ብሎ አላቆመም፣ «ፕሮጀክት» የሚለውንም ጨምሯል። ለአንድ ቤዝመንት አንዱን ውል ለፍሬምና ድራይዎል፣ ሌላውን ለወለልና መታጠቢያ አድርጎ በተለያየ ቀን ማስፈረም ፕሮጀክቱን ሁለት አያደርገውም። ፐርሚቱ አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ሥዕሉ አንድ ነው። ቅሬታ ሲቀርብ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፐርሚቱን ወረቀት ነው።

«የቨርጂኒያው ላይሰንስ ሜሪላንድም ያሠራል»

አያሠራም። የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን፣ ኤምኤችአይሲ የምንለው፣ የየትኛውንም ስቴት ላይሰንስ በልዋጭ አይቀበልም። ሁለት ዓመት ልምድ፣ ፈተና፣ የገንዘብ አቅም ማሳያ ከነብድር ሪፖርቱ፣ እና ቢያንስ የ500,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ፈተናው መጽሐፍ ተይዞ የሚገባበት ነው። ለዚህ ብሎ ሳያነቡ መግባት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰዓቱ የሚበቃው መልሱ በየትኛው ክፍል እንዳለ አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው።

ጽሑፉ የተደናገረው እዚህ ላይ ይመስለናል። ሁለቱ ላይሰንሶች የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። ቨርጂኒያ የምትጠይቀው «ሥራው ስንት ነው? ዘርፉስ ምንድን ነው?» ብላ ነው፤ ቤትም ይሁን ሱቅ ላይሰንሱ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ የምትጠይቀው «የማን ቤት ነው?» ብላ ነው። ኤምኤችአይሲ የሚመለከተው ሰው የሚኖርበትን፣ ቀድሞ የተሠራ ቤት ነው፤ አጥሩን፣ ዴኩን፣ ጋራዡንና የመኪና መግቢያውንም ይጨምራል። አራትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው አፓርትመንት ሕንጻ ግን ከዚህ ውጪ ነው። ሱቅና ቢሮም እንዲሁ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ኤምኤችአይሲ ሳይሆን በስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያለው የቤት ሠሪዎች ምዝገባ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የምግብ ቤት ውስጡን የሚሠራና እዚያው ጎዳና ላይ የአንዲት እናት ኩሽና የሚያድስ ሰው በሜሪላንድ ሁለት የተለያየ ዓለም ውስጥ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ላይ ግን የሁለቱም ጥያቄ የሚጀምረው ከዲፖር ነው።

ለሙያ ላይሰንሶች፣ ለምሳሌ ለኤሌክትሪሻንና ለቧንቧ ሠራተኛ፣ በስቴቶች መካከል የልውውጥ ስምምነት ሊኖር ይችላል። ጸሐፊው የሰሙት ይህን ይሆናል። ይህ ለሰውየው ሙያ እንጂ ለድርጅቱ የእድሳት ላይሰንስ አይደለም። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ ለቧንቧና ለጋዝ ሥራ ሌላ በር አለ፦ ላይሰንሱንም ፐርሚቱንም የሚሰጠው የውሃ ድርጅቱ ደብሊውኤስኤስሲ ነው። የካውንቲውን ፐርሚት ይዞ «ጨርሻለሁ» ያለ ሰው ቧንቧው በድራይዎል ከተሸፈነ በኋላ ግድግዳውን እንዲከፍት ይታዘዛል።

ያለ ላይሰንስ መሥራት በሁለቱም ወንጀል ነው። በሜሪላንድ የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እሥር፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። በቨርጂኒያ ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ቀላል ከሚባሉት ወንጀሎች ከባዱ) ነው፤ ጣሪያው 12 ወር እሥርና 2,500 ዶላር ነው። ከመቀጮው ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነው፦ ሜሪላንድ ውስጥ ላይሰንስ የሌለው ሰው የተፈራረመውን የእድሳት ውል ፍርድ ቤት አያስፈጽምለትም። ሥራው ያማረ ቢሆንም፣ ባለቤቱ በሥራው የረካ ቢሆንም፣ ቀሪውን ሂሣብ በክስ ማግኘት አይችልም።

አድራሻን በተመለከተም ጽሑፉ ያላነሣው ነገር አለ። ፖስታው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ቤት ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ውጪ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ፐርሚቱም የሚወጣው ከካውንቲው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት የለውም፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ግን በዚያው ካውንቲ ውስጥ ሆነው ፐርሚት ራሳቸው ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የግንባታ ኮዱ ለስቴቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የየአካባቢው አስተዳደር ማሻሻያ ያስገባበታል። ዴክ ለሚሠራ ሰው ይህ ተራ ወሬ አይደለም። የምሰሶው መሠረት ከውርጭ መስመር በታች መውረድ አለበት፤ ፌርፋክስ ላይ 24 ኢንች የሚበቃው ሞንትጎመሪ ላይ 30 ኢንች ይሆናል። በፌርፋክስ ልማድ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍሮ ኮንክሪቱን ከኢንስፔክተሩ በፊት ያፈሰሰ ሰው ስድስቷ ኢንች ዘጠኙንም ጉድጓድ ታስደግመዋለች።

«የሜሪላንድ ሲሶ ኮንትራክተሩን ታንቃለች»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ ተሳስተዋል፤ ከሁሉ በላይም ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ሕጉ የሚለው ሁለት ነገር ነው፦ ውሉ በሁሉም ወገን ሳይፈረም ምንም ክፍያ አይወሰድም፤ በፊርማው ሰዓት የሚወሰደው ቀብድ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ አይበልጥም። ሁለተኛው ክፍያ መቼ ይሁን አይልም። ይህን ባለመለየት ነው ጸሐፊው «ሁለት ሦስተኛውን ከኪሳችሁ ትሠሩበታላችሁ» ያሉት።

የ24,000 ዶላር ኩሽና ይኑረን። ሲሶው 8,000 ነው። ካቢኔቱ 7,200 ዶላር ቢሆንና አቅራቢው ግማሹን አስቀድሞ ቢፈልግ 3,600 ይወጣል። ፐርሚቱ፣ የቆሻሻ መያዣው ኪራይና የማፍረሱ ሥራ ከቀረው 4,400 ውስጥ ይሸፈናሉ። ቀጥሎ ውሉ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ይሆናል፦ ካቢኔቱ ቤቱ ሲደርስ 6,000፤ የኤሌክትሪኩና የቧንቧው ራፍ ኢንስፔክሽን ሲያልፍ፣ ድራይዎሉ ከመዘጋቱ በፊት 5,000፤ ካውንተርቶፑ ሲቀመጥ 3,500፤ የመጨረሻው ኢንስፔክሽን አልፎ የቀሩት ጥቃቅን ሥራዎች ሲያበቁ 1,500። ድምሩ 24,000። ኮንትራክተሩ በየትኛውም ደረጃ ብዙ የራሱን ገንዘብ አላወጣም፤ ባለቤቷም ያላየችውን ነገር አልከፈለችም።

ደረጃዎቹን ከሥራው ጠባይ ጋር ማያያዝ ነው ብልሃቱ። ካውንተርቶፕ የሚለካው የታችኞቹ ካቢኔቶች ቆመው፣ በውሃ ልክ ተስተካክለው፣ ከግድግዳው ጋር ከታሰሩ በኋላ ነው። ሥዕል አይቶ ቀድሞ ያዘዘ ሰው አሮጌ ቤት ላይ ይጎዳል፤ ግድግዳው እስኳድራ አይደለምና ድንጋዩ ሲቀመጥ በአንድ ጫፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ድንጋይ ደግሞ እንደ እንጨት ተፍቆ አይስተካከልም። ከልኬት እስከ ገጠማ ያሉት ቀናት ሥራ የሚቆምባቸው ናቸው፤ የ5,000ው ክፍያ ከዚያ በፊት እንዲወድቅ የተደረገው ለዚህ ነው።

ቨርጂኒያ ላይ ቀብዱን በመቶኛ የሚገድብ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ብዙ ሰው የቨርጂኒያ ጓደኛውን የውል ቅጽ ተውሶ «50 ከመቶ በፊርማ» የሚለውን ሜሪላንድ ላይ ያስፈርማል። በኩሽናው ምሳሌ 12,000 ተቀበለ ማለት ነው፤ 4,000ው ከሕግ ውጪ ነው፣ ማስረጃውንም ራሱ ጽፎ ፈርሞበታል። ሲሶውን በፊርማ ተቀብሎ በማግሥቱ፣ ዕቃ ሳይመጣ ሥራ ሳይጀመር፣ ሌላ ሲሶ መጠየቅንም አንመክርም። ቃሉን አልጣሰም ይባል ይሆናል፤ በችሎት ፊት ግን ገደቡን ለማምለጥ የተደረገ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ስለ ክፍያ ካነሣን ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለውን ሊንን፣ ማለትም በቤቱ ላይ የሚመዘገበውን የዕዳ መያዣ፣ ማየት ግድ ነው። የሁለቱ ገበያዎች ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። በቨርጂኒያ ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ሊኑን የካውንቲው መዝገብ ላይ ያስመዘግባል፤ የላይሰንስ ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ጊዜው የመጨረሻ ሥራ ከሠራበት ወር የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው፤ ሕንጻው ካለቀ ወይም ሥራው ከተቋረጠ ከ90 ቀን በላይም አይሄድም። የሚያስመዘግበው ደግሞ ከመጨረሻው የሥራ ቀን በፊት ባሉት 150 ቀናት ውስጥ ለገባው ጉልበትና ዕቃ ብቻ ነው። በአንድና በሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ላይ ፐርሚቱ የሊን ወኪል ስም ካለበት፣ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወኪሉ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ብዙው መብት የሚጠፋው በዚህች ወረቀት ነው። ሳብ ኮንትራክተሮች፣ ማለትም በዋናው ኮንትራክተር ሥር የሚሠሩት፣ በተለይ ፐርሚቱን ፎቶ ሳያነሡ ሥራ አይጀምሩ።

ሜሪላንድ ላይ መንገዱ በፍርድ ቤት ነው፤ አቤቱታው ሥራው ካለቀ በ180 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ሰርኪዩት ኮርት ይቀርባል። ከዚያ በላይ የሚያግደው ግን የ15 ከመቶው መስፈርት ነው፦ ቀድሞ የነበረ ሕንጻ የታደሰ ከሆነ፣ እድሳቱ የሕንጻውን ዋጋ 15 ከመቶ ካልደረሰ ሊን የለም። ዋጋው 520,000 ዶላር ለሆነ ሕንጻ 15 ከመቶው 78,000 ነው። የ24,000ው ኩሽና ከቶም አይደርስም። ስለዚህ ሜሪላንድ ላይ ኩሽናና መታጠቢያ የሚያድስ ኮንትራክተር ጠባቂው ሊን ሳይሆን ያ የክፍያ ደረጃ ነው። በየደረጃው ያልተከፈለ ከሆነ ሥራውን እዚያው ላይ ማቆም የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ሕጉ ያላሰረውን የክፍያ ጊዜ በብልሃት የጻፈ ሰው አይታነቅም።

«የካሣ ፈንዱ ሁለቱም ጋ ያው ነው»

ፈንዱ በኮንትራክተር የተጎዳ የቤት ባለቤት የሚካስበት ገንዘብ ነው። ስሙ ይመሳሰላል፣ መንገዱ አይመሳሰልም። በሜሪላንድ ባለቤቱ በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ ይሄዳል፤ ጉዳዩ ለአስተዳደር ዳኛ ይቀርባል፣ ጣሪያው ከ2022 ጀምሮ ለአንድ አመልካች 30,000 ዶላር ነው፤ ጉዳቱን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ዓመት አለው። ስሌቱም የታወቀ ነው። በኩሽናው ምሳሌ ባለቤቷ 18,000 ከፍላ ኮንትራክተሩ ጥሎ ቢጠፋ፣ ሌላ ሰው ለመጨረስ 14,000 ቢጠይቅ፣ የከፈለችው ከማስጨረሻው ጋር 32,000 ይሆናል፤ የውሉ 24,000 ሲቀነስ ጉዳቷ 8,000 ነው። የጠበቃ ወጪና «ኩሽና አጥቼ ምግብ ቤት በላሁ» የሚለው አይገባም። ፈንዱ የከፈለውን ኮንትራክተሩ ከነወለዱ ይመልሳል፤ እስኪመልስ ላይሰንሱ ታግዶ ይቆያል።

በቨርጂኒያ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነው። ፍርዱም ዝም ብሎ የውል መጣስ ሳይሆን አግባብ ያልሆነ ወይም ያልታመነ አሠራር መሆኑን ማሳየት አለበት፦ ማጭበርበር፣ ከባድ ቸልተኝነት፣ ተደጋጋሚ የብቃት ማነስ፣ ወይም የግንባታ ኮዱን ሆን ብሎ መጣስ። ከዚያ የኮንትራክተሩን ሀብት በመሐላ ጥያቄ መፈለግ፣ ካልተገኘም ፍርዱ በጸና በ12 ወር ውስጥ ለፈንዱ ማመልከት። በሁለቱም ቦታ ግን አንድ ነገር እኩል ነው፦ ኮንትራክተሩ ውሉን ሲፈርም ላይሰንስ ካልነበረው ፈንዱ አይከፍልም።

«በ1099 ከከፈላችሁ ኢንሹራንስ አያስፈልግም»

ወረቀቱ ሰውየውን ነጋዴ አያደርገውም። ቨርጂኒያ ከ2020 ሐምሌ ጀምሮ ክፍያ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው በመነሻው ሠራተኛ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ አይደለም የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ አለው። ሜሪላንድ በግንባታ ሥራ ላይ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ2009 ነው። የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ በሜሪላንድ ከአንድ ሠራተኛ ይጀምራል። በቨርጂኒያ ከሦስት ነው፤ የሳብ ኮንትራክተር ሠራተኞችም ከዋናው ኮንትራክተር ጋር ይቆጠራሉ። አንድ ሰው ቀጥሮ ሁለት ሰው ያለውን ቀቢ የጠራ ሰው ሦስት ሞልቷል። ከመሰላል የወደቀ ወንድም ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ይህን መከራከር ከሕጉም በላይ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ልክ ያሉት ላይ

ክላስ ሲ ለጀማሪ ፈጣን መግቢያ መሆኑ እውነት ነው። ሜሪላንድ ወረቀት ታበዛለች፤ በተለይ በስቴቱ መዝገብ ያለው የድርጅት ስም፣ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱና ማመልከቻው በፊደል ሳይቀር አንድ ካልሆኑ፣ «ኤልኤልሲ» የሚለው ቃል ከአንዱ ቢጎድል እንኳ፣ ማመልከቻው ይመለሳል። ደንበኛ ፈልጎ የሚያስፈርም ሰውም የሽያጭ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ቨርጂኒያ በበኩሏ የራሷ ስውር ወጪ አላት፦ ከተመዘገበበት ካውንቲ ውጪ በሌላ ካውንቲ ወይም ከተማ በዓመት ከ25,000 ዶላር በላይ የሠራ ኮንትራክተር የዚያን አካባቢ የንግድ ፈቃድም ያወጣል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤትን በተመለከተ ሁለቱ ስቴቶች አንድ ናቸው፤ በፌዴራሉ የሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት) ቀለም ደንብ መሠረት በቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከስድስት ካሬ ጫማ በላይ የቀለም ገጽ የሚነካ፣ ወይም መስኮት የሚቀይር ድርጅት ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል። ታኮማ ፓርክና አርሊንግተን ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያወጣ ባይጀምር ይሻለዋል።

«በጓደኛ ላይሰንስ መሥራት ይቻላል»

ይህን ምክር ጸሐፊው እንዲያነሡት እንለምናለን። ላይሰንሱን ያዋሰው ጓደኛ ራሱ ይቀጣል፣ ላይሰንሱንም ሊያጣ ይችላል፤ የተዋሰው ደግሞ ላይሰንስ እንደሌለው ይቆጠራል። በመካከል የምትጎዳው ባለቤቷ ናት፤ ውሉ ላይ የአንዱ ስም፣ ቼኩ ላይ የሌላው ስም ሲገኝ የፈንዱ ማመልከቻዋ በዚያ ይሰናከላል። ለደሞዝ የሚሠራ ሠራተኛ በሜሪላንድ የራሱ ላይሰንስ አያስፈልገውም። ስለዚህ ጀማሪው ላይሰንስ ካለው ሰው ዘንድ ተቀጥሮ፣ በደብልዩ ቱ (በተቀጣሪ የግብር ቅጽ) ተከፍሎት፣ ለማመልከቻው የሚሆነውን የልምድ ማስረጃ ማጠራቀም ይችላል። ቤቱን የሚያሳድስም ሰው ከመፈረሙ በፊት አንድ ምሽት ይስጠው፦ የላይሰንስ ቁጥሩን ከዲፖር ወይም ከኤምኤችአይሲ ገጽ ላይ ይፈልግ፣ የሚያበቃበትን ቀን ይይ፣ ቨርጂኒያ ከሆነ ክላሱንና ዘርፉንም ያንብብ፤ እዚያ የተጻፈው ስም፣ ውሉ ላይ ያለው ስምና ቼኩ የሚጻፍለት ስም ሦስቱም አንድ ካልሆኑ ብዕሩን ያስቀምጥ።